ክረምት ከገባ ወዲህ ዶሮዎቼ ቆጥ ላይ አልወጣ አሉኝ

ጓሮዬ

ሰላም ለሁላችሁም። ስምንት እንቁላል ጣይና አንድ አውራ ዶሮ ነበሩኝ። ነበሩኝ ያልኩት ባለፈው ሳምንት አንዷ ስለሞተችብኝ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ደርቃ አገኘኋት። ቁስል የለባትም፣ ደም የለም፣ አውሬም አልገባም። ሳነሳት ግን እንደ ባዶ ላባ ቀለለችኝ። ከእጄ ያደገች ዶሮ ነበረች፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ብርዱ ሲጠና ፈርቼ ቤታቸውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁላቸው። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በላስቲክ ሸፈንኩ፣ ወለሉ ላይ ጭድ ጨመርኩ፣ የውሃ መጠጫቸውንም ውጭ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የተበላሸው። በቀን አምስት ስድስት እንቁላል አገኝ ነበር፣ አሁን አንድ ካገኘሁ ትልቅ ነገር ነው። ኩክኒያቸው ገርጥቷል። ማታ ማታ ቆጡ ላይ አይወጡም፣ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተኮልኩለው ነው የሚያድሩት። አንስቼ ቆጡ ላይ ባስቀምጣቸውም ትንሽ ቆይተው ይወርዳሉ። ጠዋት በሩን ስከፍት ደግሞ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

መኖው ያው የድሮው ነው፣ አልቀየርኩም። ብርዱ ነው የሚገድላቸው? የሚያሞቅ አምፖል ላስገባላቸው አስቤያለሁ። ምን ይሻለኛል?

ቄብና አውራ

እንቁላሉ ብቻ ቢሆን አትጨነቅ እልህ ነበር። ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ቀኑ ሲያጥር ወይም ደመናው ሲከብድ እንቁላል ይቀንሳል፣ ያለ ነገር ነው። ላባ እያራገፉ ከሆነም ሙሉ በሙሉ ያቆማሉ፣ እስኪጨርሱ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። የማትጥል ዶሮ ኩክኒዋም ትንሽ ይደበዝዛል። ላባ እየጣሉ ነው?

ጓሮዬ

አይ፣ ላባቸው ደህና ነው። ሁለቱ ብቻ ደረታቸው አካባቢ ትንሽ ሳስተዋል።

ሰባት ክረምት

ልጄ፣ መጀመሪያ ላስቲኩን አንሳው። ለነገ አትበል። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ክፈተው፣ ዶሮዎቹ በሚያድሩበት ቁመት ላይ ግን ነፋስ ቀጥታ እንዳይመታቸው ከጎን ጋርድላቸው። በእርጥብ አየርና በነፋስ መሐል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እርጥቡ በላይ ይውጣ፣ ነፋሱ በታች አይግባ።

ዶሮ ላባ ለብሳ የተፈጠረች ናት። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከእኛ ይበልጣል። ላባዋን ነፍታ፣ እግሯን ሸፍና ከተቀመጠች ደረቅ ብርድ ብዙም አይጎዳትም። የሚጎዳት እርጥበት ነው። ከኩሷ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው፣ ከትንፋሿም እርጥበት ይወጣል። አንተ ደግሞ መጠጫውን ጨመርክበት፣ ከዚያ በላስቲክ ከደንክ። ሌሊቱን ሙሉ የራሳቸውን እንፋሎት መልሰው ሲተነፍሱ ነው የሚያድሩት። እኔም መጀመሪያ ዶሮ በያዝኩበት ክረምት ይህንኑ አድርጌ አራት ቀብሬያለሁ፣ ስለዚህ አልፈርድብህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቆጥ አልወጣ ማለታቸው የብርድ ምልክት አይደለም። የበረዳት ዶሮ እንዲያውም ከፍ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ተጠጋግታ ነው የምታድረው። ቆጧን የምትሸሸው እዚያ የሚያሰቃያት ነገር ሲኖር ነው። ዛሬ ማታ ከጨለመ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተህ የእጅ ባትሪና ነጭ ጨርቅ ይዘህ ግባ። ጨርቁን በቆጡ እንጨት ሥር፣ በተለይ ጫፉ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጫን አድርገህ ጥረገው። ከዚያ ያየኸውን ንገረን። አምፖሉን ለጊዜው ተወው።

ጓሮዬ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ከዶሮ ቤት መውጣቴ ነው፣ እጄ እያሳከከኝ ነው የምጽፈው።

እንዳሉኝ አሮጌ ነጭ የትራስ ልብስ ይዤ ገባሁ። ከላይ ሳየው እንጨቱ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ጠረግኩትና ጨርቁን ወደ ባትሪው አዞርኩት። ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። መጀመሪያ ዝገት መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ መስመሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች መሄድ ጀመሩ። የሰናፍጭ ፍሬ እንኳ አያክሉም። አንዳንዶቹ ቀይ፣ አንዳንዶቹ አመድማ ናቸው። እንጨቱ ግድግዳው ውስጥ የገባበት ጋ ባትሪዬን ጠጋ ሳደርግ ደግሞ ስንጥቁ ዙሪያ በርበሬና ጨው የተደባለቀ የመሰለ ብናኝ አለ፣ ብናኙም ይንቀሳቀሳል። ቀን በቀን እየገባሁ አጸዳ ነበር እኮ፣ አንድም ቀን አላየሁትም!

ሰባት ክረምት

ቀን አታያቸውም። ቀይ ቅንቅን ነው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥና ወደ ቀዳዳው ይመለሳል። ቀዩ የጠገበው ነው፣ አመድማው የተራበው። ዶሮዎችህ የገረጡት ደማቸው አልቆ ነው። የሞተችውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀለለችኝ ስትል ነው የጠረጠርኩት።

አቋራጭ

ወንድሜ ብዙ አትድከም። ነጭ ጋዝ በጨርቅ አርገህ ዶሮዎቹን ክንፋቸው ሥር ቀባቸው፣ ቆጡንም ቀባው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። እኛ ቤት ሁሌ እንዲህ ነው የሚደረገው።

ሐኪሟ

ነጭ ጋዙን እባክህ አታድርገው። የዶሮን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዶሮዋ ላባዋን በምንቁሯ ስታበጥር ትውጠዋለች፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ትነቱም እሳቱም አደገኛ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ በዚህ ምክንያት ቆዳቸው የተላጠ ዶሮዎች አክሜያለሁ። በቅንነት እንደተናገርክ ይገባኛል፣ ግን ጉዳቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አሁን ጓሮዬ፣ ተባዩን መለየት ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚኖርበት ቦታ የተለያየ ነው። ቀይ ቅንቅን የሚኖረው ቤቱ ውስጥ ነው፣ ዶሮዋን የሚጎበኛት ለምግብ ብቻ ነው። ስለዚህ ዶሮዋን ብቻ ብታክማት ዋናውን አልነካኸውም። ቅማል ግን ዕድሜዋን ሁሉ ዶሮዋ ላይ ነው የምትኖረው፣ ከዶሮዋ ከወረደች ብዙ ቀን አትቆይም። ዶሮዋን ቀን ላይ ያዛትና ጭራዋ ሥር ያለውን ላባ ግለጥ። ገለባ የመሰሉ ፈጣን ነገሮች ሲሯሯጡ ካየህ፣ የላባው ግንድ ላይም ነጭ ነገር እንደ ጨው ተጋግሮ ከተጣበቀ ቅማል ነው። ሌላም አለ፤ እዚያው ዶሮዋ ላይ የሚኖር የቅንቅን ዓይነት አለ፣ እሱ እንዲያውም ብርድ ሲሆን ነው የሚበዛው፤ ጭራዋ ሥር ያለው ላባ ጥቁርና የቆሸሸ መስሎ ይታያል። ሁለቱንም ፈልግ፣ አንዱ ተባይ ባለበት ሌላው መገኘቱ የተለመደ ነው።

ስለ አምፖሉ እማማ ልክ ናቸው። ቀይ ቅንቅን ሲበርደው እድገቱ ይዘገያል፣ ሲሞቀው ከእንቁላል ተነስቶ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ራሱ እንቁላል ጣይ ይሆናል። ቤቱን በላስቲክ ዘግተህ ያሞቅከው ለእሱ ነው የተመቸው። የሚያሞቅ አምፖል ብትጨምር ይብስበታል። በዚያ ላይ ደረቅ ጭድ ላይ የወደቀ አምፖል ስንት ቤት አቃጥሏል።

ለሽታው ደግሞ፤ አሞኒያ ነው፣ ከኩሳቸው የሚወጣ ጋዝ። ከአንድ ሚሊዮን 25 እጅ ከደረሰ ለዶሮ ሳንባ ጥሩ አይደለም፣ የሰው አፍንጫም በግልጽ የሚይዘው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ገና በሩን ስትከፍት ከሸተተህ እነሱ ሌሊቱን ሲጎዱ አድረዋል ማለት ነው።

የቆጥ አናጢ

ሥራው እኔ ጋ ነው እንግዲህ። ያንን ቆጥ ንቀለው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ እንጨት ለቅንቅን ቤት መሥራት ማለት ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፤ ግድግዳው ላይ እንደ ማንጠልጠያ ክፍት የሆነ መቀመጫ እመታለሁ፣ እንጨቱን ከላይ አስቀምጠዋለሁ። ሚስማር የለም። በፈለግኩ ጊዜ አንስቼ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። እንጨቱ ልጡ የተላጠ፣ የለሰለሰ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደ ይሁን። ሰፋ ሲል ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ትሸፍናቸዋለች፣ ውርጭ ባለበት ቦታ ጣት ከመሞት የሚተርፈው በዚህ ነው። ቀጭን ዘንግ ላይ ግን ጣቶቿ ተጠቅልለው ውጭ ይቀራሉ።

አሮጌውን ቆጥና የመጣያ ሳጥኖቹን አውጥተህ የፈላ ውሃ ድፋባቸው። ስንጥቅ ላይ ቀስ ብለህ፣ ውሃው ሳይበርድ። ግድግዳውን ፍቀህ፣ ጠርገህ፣ ጭዱን በሙሉ አውጥተህ ከዶሮዎቹ አርቅ። ሲደርቅ ስንጥቁን ሁሉ ድፈነው። መድፈን የማትችለውን በብሩሽ የምግብ ዘይት ቀባው፣ ዘይቱ ትንፋሹን ዘግቶ ይገድለዋል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ዶሮ የነካውን ሁሉ ትለቅማለች።

ዶሮዎቹን ሌላ ቦታ ለሳምንት ላሳድርና ቤቱ ባዶ ይቆይ እንዳትል። ይህ ተባይ ምንም ሳይበላ ወራት ይቆያል። ጠብቆህ ያገኝሃል።

ጓሮዬ

የፈላው ውሃ እንቁላሎቹንም ይገድላል? አንድ ጊዜ ይበቃል?

የቆጥ አናጢ

የነካውን ይገድላል፣ ያልነካውን አይገድልም። የማይነካው ቦታ ደግሞ ሁሌም ይኖራል። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ድገመው፣ ከዚያም በ14ኛው። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፣ ሌሎቹ ይቀላሉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በመጀመሪያው ቀን ሥራ ተደስቶ ሁለተኛውን ሲተወው ነው።

ሐኪሟ

ለተባይ የሚረጭ ወይም የሚነሰነስ መድኃኒት ከተጠቀምክ ለዶሮ የተፈቀደ መሆኑን መለያው ላይ አንብብ፣ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይበላም እዚያው ተጽፏል። ለከብት የተሠራን መርፌ ወይም ፈሳሽ በግምት አትስጥ። ፔርሜትሪን ያለበት ነገር ከሆነ ድመትህን ከአካባቢው አርቃት፣ ለድመት መርዝ ነው። የሚነሰነስ ማንኛውም ዱቄት ደግሞ ሳንባ ይጎዳል፣ አንተም አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ የዶሮዋንም ፊት ከዱቄቱ አዙር።

ነጭ ላባ

አመዱን ማንም አላነሳውም! የእኔ ዶሮዎች ክረምት ከበጋ ቅማል የማያውቁት በአመድ ነው። ዶሮ ራሷን የምታጸዳው አፈር ላይ ተንከባላ ነው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ሁሉ ይርሳል፣ መታጠቢያ አጥታ ነው ተባይ የሚወራት። ጣሪያ ያለው ጥግ ፈልግ፣ አንድ ሰፊ ሳጥን ወይም አሮጌ ጎማ አስቀምጥ፣ ደረቅ አፈርና ደቃቅ አሸዋ ሙላና የእንጨት አመድ ጨምርበት። ላስቲክና ቀለም የተቃጠለበት አመድ አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን ሲሰለፉ ታያለህ። የእኔዋ ጥቁር ዶሮ ገብታ በጎኗ ትተኛና አንድ ዓይኗን ጨፍና ክንፏን ታራግፋለች፣ ሌሎቹ ዙሪያዋን ቆመው ተራ ይጠብቃሉ።

ሰባት ክረምት

አመዱ ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ግን ነጭ ላባ፣ አመድ የሚሠራው ዶሮዋ ላይ ላለው ነው። ግድግዳ ውስጥ ላለው ቀይ ቅንቅን አይደርስም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አመዱ ከረጠበ ደግሞ ቆዳ ይበላል፣ በየጊዜው ቀይረው።

ጉዝጓዙን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጭዱን ካወጣህ በኋላ ሰጋቱራ ካገኘህ እሱን አድርግ፣ በጣም የደቀቀ ሳይሆን ሻካራውን። ጭድ ላዩ ደርቆ ሥሩ ይበሰብሳል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፍ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አገላብጠው፤ ትንሽ ጥራጥሬ ብትበትንበት ራሳቸው ጭረው ያገላብጡልሃል። ደህና መሆኑን የምታውቀው በእጅህ ነው። አንድ እፍኝ ጨብጥና እጅህን ክፈት። ከተበተነ ጥሩ ነው። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ እዚያ ያለውን አውጣ። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ደም የሚያስቀምጣቸው በሽታም ይራባል፣ ጫጩት ካለህ በተለይ ተጠንቀቅ። መጠጫውንም ወደ ውጭ መልሰው። ሌሊት ዶሮ አትጠጣም። የሚረጋበት ብርድ ካለ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ቅዳላቸው።

ሌሊት ጠባቂ

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በቀን ስንት መኖ ነው የሚያልቀው? ስምንት ዶሮ ቀርተውሃል። አንድ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ነው የምትበላው፣ ብርድ ሲሆን ትንሽ ትጨምራለች። ከአንድ ኪሎ ብዙ ማለፍ የለበትም።

ጓሮዬ

ሁለት ኪሎ ሊጠጋ ነው! በጣም ርቧቸው ነው ብዬ ነበር። ለካ ሌላ የሚበላ አለ?

ሌሊት ጠባቂ

አይጥ ነው። ክረምት ሲሆን መሬቱ ሲርስና ምግብ ሲጠፋ የዶሮ ቤት ይሻለዋል፤ ሙቀት አለ፣ መኖ አለ፣ ውሃም አስገብተህለታል። መኖውን ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። እንቁላል ይወስዳል፣ ጫጩት ይገድላል፣ በኩሱና በሽንቱ በሽታ ያመጣል፣ ቀይ ቅንቅኑም ዶሮ ሲያጣ የአይጥ ደም ይመጥጣል። አይጡን ሳታስወጣ ቅንቅኑን ጨረስኩ አትበል።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። መመገቢያውን ሲመሽ አወጣዋለሁ፣ ጠዋት እመልሰዋለሁ። መኖው ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ነው፣ የብረት እንጂ የላስቲክ አይደለም፤ ላስቲክን በአንድ ሌሊት ይበሳዋል። በየቀዳዳው ላይ ዓይኑ ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ መታሁ፣ ለትንሿ አይጥ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ነው የሚያስፈልገው፣ በጣት ውፍረት ቀዳዳ ትገባለች። ከቤቱ ሥር መሬት ውስጥም ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፌ ቀብሬዋለሁ፣ ሲቆፍር ሽቦ ያገኛል። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያቆያል እንጂ አይጥን አይከለክልም።

መርዝ አታስቀምጥ። ዶሮዋ መርዙንም ትለቅማለች፣ የሞተችውን አይጥም ትጎትታለች። ድመትና ጉጉትም በልተው ይሞታሉ። ወጥመድ ይሻልሃል፣ ዶሮ ጭንቅላቷን በማታስገባበት ሳጥን ውስጥ አድርገህ፣ በግድግዳው ጥግ ጥጉን።

ጓሮዬ

12ኛ ቀን። እየተከታተላችሁኝ ስለሆነ ልጻፍ።

ሁሉንም አወጣሁት። ቆጡን ስነቅለው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የነበረው ጫፉ አመድ የተቀባ ይመስል ነበር፣ ፀሐይ ሲነካው ሁሉም ተንቀሳቀሰ። ሦስት ትልልቅ ድስት የፈላ ውሃ ነው የጨረስኩት። አዲስ ተነቃይ ቆጥ ሠራሁ። ላስቲኩን ከላይ አነሳሁ፣ በጎን በኩል ብቻ ቀረ። በ7ኛው ቀን ደገምኩት። በመጀመሪያው ምርመራ የጨርቁ መስመር ጣት ያክል ነበር፣ በ7ኛው ቀን አራት አምስት ነጠብጣብ ብቻ አገኘሁ። ሁለቱ ዶሮዎች ላይ ቅማልም ነበረ፣ ለእሱም ከሐኪም የታዘዘልኝን ዱቄት ሁለት ጊዜ አደረግኩላቸው።

አይጦቹን በተመለከተ ስድስት ተይዘዋል። መኖው አሁን 900 ግራም ገደማ ነው የሚሄደው፣ በየቀኑ እመዝነዋለሁ።

ሽታው የለም። ጠዋት በሩን ስከፍት የሰጋቱራ ሽታ ነው የሚመጣው። ትናንት ማታ ሰባቱ ቆጥ ላይ ወጡ። ግን አንዷ፣ ቀይዋ፣ አሁንም ወለሉ ላይ ናት። ቆጡን ታየዋለች፣ ለመዝለል ታጎነብሳለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። የቀረ ቅንቅን አለ ማለት ነው?

ሐኪሟ

ለሰባቱ ከተመቸ ቆጡ ላይ ያለ ነገር አይመስለኝም። እግሯን እይልኝ። ቅርፊቶቹ ልሙጥ ሆነው ተኝተዋል ወይስ ተነስተዋል?

ጓሮዬ

ጭኔ ላይ አስቀምጬ በባትሪ አየኋት። የሌሎቹ እግር ለስላሳ ነው። የእሷ ቅርፊቶች ጫፋቸው ወደ ላይ ተነስቷል፣ ሥራቸው ነጭ እንደ ኖራ የመሰለ ነገር ሞልቶበታል። ግራ እግሯ ወፍሯል። እያነከሰችም ነው፣ እንዴት እስከዛሬ አላየሁትም!

ሐኪሟ

ይህ ሌላ ቅንቅን ነው፣ ከቅርፊቱ ሥር ቆፍሮ የሚኖር። ቅርፊቱን በፍጹም አትላጠው፣ ይደማል። እግሯን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፈህ፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለህ አጥበህ አድርቀው። ከዚያ ቫዝሊን ወፈር አድርገህ ከጣቶቿ እስከ ጉልበቷ ቀባት። ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ አዲስ ቅርፊት እስኪወጣ ድረስ። ወራት ይፈጃል፣ አትሰልች። ካልቀነሰ ለሐኪም አሳያት። ይህ ተባይ ከአንዷ ወደ አንዷ ይተላለፋል፣ ስለዚህ የሁሉንም እግር እይ፣ በተለይ የአውራ ዶሮውን።

የቆጥ አናጢ

እስክትድን ከዋናው ቆጥ በታች፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሌላ እንጨት አስቀምጥላት። ሳትዘል በእግሯ ትወጣበታለች።

ጓሮዬ

ዛሬ ማታ ቫዝሊኑን ጀመርኩ። ዝቅተኛውንም እንጨት አስቀመጥኩላት። የአውራ ዶሮው ቀኝ እግር ላይ ሦስት ቅርፊት ተነስቶ አገኘሁ፣ እሱንም ቀባሁት፣ ብዙ ታግሎኛል። ቀይዋ ዝቅ ባለው እንጨት ላይ ወጥታ ቆማለች፣ ገና አልተቀመጠችም። በሩን ከፍቼ እያየኋት ነው።